የዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ምርጫ በሲሬ፤ ሥራንና ጨዋታን ባንድነት ለሚሸከም መሣሪያ ዋጋ እንዴት ይሰላል?

(በሲሬ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ለመሐንዲሶች ስብሰባ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ኮምፒዩተር መግዛት የሱቅ ጉዳይ፣ ጨዋታም የልጆች ጉዳይ ነው የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን በሙያችን ምክንያት ዘወትር ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ «የትኛውን ኮምፒዩተር ልግዛ?» የሚለው መሆኑን እያንዳንዳችን እናውቃለን። ጠያቂው አንዳንድ ጊዜ የወረዳ መሥሪያ ቤት ነው፤ ለጨረታ የሚሆን ዝርዝር መግለጫ አዘጋጁልን ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን ጠያቂዎቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሦስትና አራት ሆነው የተደራጁ ወጣቶች ናቸው። ብድር ወስደው ቀን ቀን የጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የኅትመት አገልግሎት ሊሰጡ፣ ማታ ማታ ደግሞ በዚያው መሣሪያ ጨዋታ ሊያጫውቱ ያስባሉ። መሣሪያው በሦስተኛው ወር ቢቆም ብድሩ አብሮት አይቆምም። ስለዚህ የምንሰጣቸው መልስ ከሱቅ ወሬ የተሻለ፣ በስሌት የተደገፈ የምሕንድስና መልስ መሆን ይገባዋል።

ዛሬ ላስረዳ የምሻው ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ የኮምፒዩተር ዋጋ የሚሰላው በሚያገለግልበት ቦታ ነው። በአዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ርካሽ የነበረው መሣሪያ ሲሬ ደርሶ ውድ ሊሆን፣ በዚያ ውድ መስሎ የታየውም እዚህ ርካሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህ እንዴት እንደሚሆን በቅደም ተከተል እንመልከት።

ሀ. የቦታው ሁኔታ

ሲሬ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከነቀምቴ በስተምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ኮምፒዩተር የሚፈልግ ሰው ወይ ነቀምቴ ሄዶ ከቀረበለት ይመርጣል፤ ወይም አዲስ አበባ ድረስ ተጉዞ ወይም ሰው ልኮ ያስመጣል። መሣሪያው ሲበላሽም የሚጓዘው በዚያው መንገድ ነው። የመጓጓዣው ወጪ፣ የጠጋኙ ክፍያና ሥራ የታጣባቸው ቀናት ገቢ ሲደመሩ፣ የአንዲት ትንሽ ዕቃ ብልሽት ከዕቃዋ ዋጋ ብዙ እጥፍ ያስወጣል። የውጭ ምንዛሪ አሠራር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተለወጠ ወዲህ ደግሞ ሸክሙ ከብዷል። በዚያን ጊዜ በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የኮምፒዩተር ዕቃ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ፣ ዛሬ ተሳስቶ ገዝቶ ነገ መለወጥ ከቀድሞው ይልቅ ከባድ ቅጣት አለው።

ሁለተኛው ነጥብ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ወለጋ ለኃይል ማመንጫ እንግዳ አይደለም። የፊንጫ የውሃ ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ነው። በሰሜን ምዕራብ በኩልም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በዓባይ ወንዝ ላይ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሆኖም የሚመነጨው ኃይል መብዛትና በማከፋፈያ መስመር ጫፍ ላይ ያለ ሶኬት የሚሰጠው የኃይል ጥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል። ማታ በየቤቱ እንጀራ ሲጋገር፣ ወይም የወፍጮ ቤት ሞተር ሲነሣ፣ ቮልቴጁ ይወርዳል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ ለአፍታ ከ220 ቮልት በላይ ሊዘል ይችላል። የጨዋታው ሰዓትና የምጣዱ ሰዓት አንድ መሆኑን ልብ በሉ። መሣሪያው ከፍተኛውን ኃይል የሚፈልገው መስመሩ በደከመበት ሰዓት ነው።

ሦስተኛው ነጥብ አየሩ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ላይ የአየር እፍጋት በባሕር ወለል ካለው በ18 በመቶ ያህል ያንሳል። ስለሆነም አንድ ፋን በተመሳሳይ ፍጥነት ዞሮ የሚያስወግደው ሙቀት በዚያው መጠን ይቀንሳል። ደጋው ቀዝቃዛ ስለሆነ ኮምፒዩተር አይግልም የሚለው አስተሳሰብ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። በዚህ ላይ የበጋው አቧራ በፋኑና በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል ሲሞላ፣ ጠባብ ሣጥን ያለው መሣሪያ ቶሎ ይታፈናል።

ለ. የወጪው ቅደም ተከተል

ገዢ ሱቅ ሲገባ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፕሮሰሰሩ ነው፤ ቀጥሎ ስለ ግራፊክስ ካርዱ ይጠይቃል። ፓወር ሳፕላይንና ዩ.ፒ.ኤስ.ን የሚያስበው ገንዘብ ከተረፈው ነው። ከላይ በገለጽኩት ሁኔታ ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት እላለሁ።

የመጀመሪያው ወጪ ለኃይል ይሁን። ፓወር ሳፕላዩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለ መቀያየሪያ እንደሚቀበል የተጻፈ መሆን አለበት። እንዲህ ያለው መሣሪያ ቮልቴጅ ሲወርድ ብዙ ከረንት በመሳብ ሥራውን ይቀጥላል፤ 200 ዋት የሚስብ ኮምፒዩተር በ220 ቮልት 0.9 አምፔር የሚወስድ ሲሆን፣ በ160 ቮልት 1.25 አምፔር ይወስዳል። በጀርባው 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀያየሪያ ያለው ርካሽ ዓይነት ግን ይህን አይችልም፤ ልጅ ነክቶት ወደ 115 ከዞረም ሲሰካ ይቃጠላል።

ዩ.ፒ.ኤስ.ን በተመለከተ፣ 650 ቮልት አምፔር በሚባለው የተለመደ ዓይነት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የ12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ነው። ይህም በወረቀት 84 ዋት ሰዓት ነው። በተግባር የሚገኘው ከዚህ ያነሰ ሲሆን፣ ጭነቱ በጨመረ ቁጥር ይበልጥ ይቀንሳል። ኮምፒዩተሩና ሞኒተሩ በጽሕፈት ሥራ 60 ዋት ቢስቡ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊያቆይ ይችላል። በጨዋታ 200 ዋት ቢስቡ ግን 10 ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ ዩ.ፒ.ኤስ. የሚገዛው የተጀመረውን ጽሑፍ ለማስቀመጥና መሣሪያውን በሥርዓት ለመዝጋት እንጂ በባትሪ ለመጫወት አይደለም። ፕሪንተር ከዩ.ፒ.ኤስ. ጋር ፈጽሞ አይሰካ፤ በተለይ የሌዘሩ ዓይነት ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ይህን ዩ.ፒ.ኤስ. ያዘጋዋል።

ሁለተኛው ወጪ ለኤስ.ኤስ.ዲ. ነው። ምክንያቱን በቁጥር እንየው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ8.3 ሚሊ ሰኮንድ ስለሆነ፣ የተፈለገው ቦታ እስኪደርስ በአማካይ 4.2 ሚሊ ሰኮንድ ይጠብቃል። ለጭንቅላቱ መንቀሳቀሻ 9 ሚሊ ሰኮንድ ያህል ሲጨመር 13 ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ዲስኩ በሰኮንድ ከተለያየ ቦታ ሊያነብ የሚችለው 75 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚዞር አካል ስለሌለው ይህንኑ በአሥር ሺህዎች ይሠራዋል። ደንበኛ የሚጠብቀውን ደብዳቤ እየጻፉ፣ ሌላ ሰው ፎቶ እያስታተመ፣ በኢንተርኔት ቅጽ እየተሞላ ኮምፒዩተሩ «ስታክ አደረገ» ሲባል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ሳይሆን የዚህ ዲስክ ነው። ዕድሜው የገፋ ኮምፒዩተር እንኳ ኤስ.ኤስ.ዲ. ሲገባለት እንደ አዲስ ይነቃል። ሃርድ ዲስኩ ለፊልምና ለጨዋታ ማከማቻ ይቆይ።

ሦስተኛው ራም ነው። ብዙ ሥራ ባንድ ጊዜ ማለት በራም ላይ ብዙ ጽሑፍና ሥዕል ተዘርግቶ መያዝ ማለት ነው። 4 ጊጋባይት ለዛሬው ዊንዶውስ አይበቃም። 8 ጊጋባይት ለጽሕፈት ቤት ሥራ ያደርሳል፤ ቀን ለሥራ፣ ማታ ለጨዋታ ለሚሆን ግን 16 ጊጋባይት ተገቢው ልክ ነው። 16ቱም ባንድ ቁራጭ ከሚሆን በሁለት ባለ 8 ቁራጮች ቢሆን ይመረጣል፤ ሁለት መንገድ ሲከፈትለት ፕሮሰሰሩ ከራም ጋር የሚለዋወጠው መረጃ በፍጥነት ይፈስሳል። ባንድ ጊዜ ለመግዛት አቅም ያጣ ሰው 8 ገዝቶ ሁለተኛው ቀዳዳ ባዶ መሆኑን ያረጋግጥ፤ ሲያገኝ ይጨምርበታል።

ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ በአራተኛና በአምስተኛ ደረጃ ይመጣሉ።

አንዳንዶቻችሁ ይህ ሁሉ ከሚሆን ባትሪው አብሮት ያለውን ላፕቶፕ ለምን አይገዙም ትሉ ይሆናል። መብራት እየደጋገመ በሚጠፋበት ሰፈር ለአንድ ተማሪ ወይም ለአንድ መምህር ላፕቶፕ የተሻለ መሆኑን እቀበላለሁ። ለሥራ ቤት ግን መልሱ ሌላ ነው። በላፕቶፕ ውስጥ ያለ የግራፊክስ ቺፕ ሲቃጠል በብዛት ዋናው ቦርድ በሙሉ ይለወጣል። በዴስክቶፕ ግን ካርዱ ተነቅሎ ሥራው ይቀጥላል። ጥገና ሩቅ በሆነበት ቦታ ተነቅሎ የሚለወጥ ዕቃ ትልቅ ሀብት ነው።

ሐ. ያገለገለ ወይስ አዲስ?

በአገራችን ገበያ ለአነስተኛ ገንዘብ የሚገኘው ደኅና መሣሪያ በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች አገልግሎ የመጣው ዴስክቶፕ ነው፤ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤች.ፒ. ኤሊትዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር የሚባሉት በዚህ ክፍል ይመደባሉ። ለመሥሪያ ቤት ተብለው የተሠሩ በመሆናቸው ጠንካሮች ናቸው። ነገር ግን ሲገዙ ሦስት ነገሮች መታየት አለባቸው።

አንደኛ፣ የፕሮሰሰሩ ስም ብቻውን ዋጋ የለውም። ሻጭ «ኮር አይ7 ነው» ሲል ገዢ ከዚያ በኋላ ያለውን ቁጥር ይጠይቅ። ኮር አይ7-2600 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 የወጣ ሁለተኛ ትውልድ፣ 4 ኮር ያለው ነው። ኮር አይ5-8500 በ2018 የወጣ ስምንተኛ ትውልድ፣ 6 ኮር ያለው ነው። በስም የሚያንሰው በሥራ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛው ትውልድ በታች የሆኑትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። በዚህ ምክንያት ከዚያ በታች ያሉት ኮምፒዩተሮች ከውጭ መሥሪያ ቤቶች በብዛት እየወጡ በርካሽ ይሸጣሉ። ርካሽነታቸው ምን እንደሆነ ሳያውቅ የሚገዛ ሰው የሌላውን አሮጌ ችግር በብድር ገዛ ማለት ነው። ለጽሕፈት ብቻ የሚፈልግ ሊኑክስ ጭኖባቸው ብዙ ዓመት ሊጠቀም ይችላል፤ ወጣቶቹ የሚፈልጓቸው የእግር ኳስ ጨዋታዎች ግን የተሠሩት በዋናነት ለዊንዶውስ ነው። በመሆኑም ለእኛ ጉዳይ ድንበሩ ስምንተኛው ትውልድ ነው።

ሦስተኛ፣ የሣጥኑ መጠን ነው። አንድ ዓይነት ስምና ቁጥር ያለው መሣሪያ በትንሽና በትልቅ ሣጥን ይሠራል። ለምሳሌ ኦፕቲፕሌክስ 7060 በትንሹ ሣጥን የ200 ዋት፣ በትልቁ የ260 ዋት ፓወር ሳፕላይ ይዞ ይመጣል። ፕሮሰሰሩ 65፣ ከቦርዱ ቀዳዳ ብቻ ኃይል የሚወስድ ግራፊክስ ካርድ እስከ 75፣ ቦርዱ፣ ራሙና ዲስኮቹ 40 ዋት ያህል ቢወስዱ ድምሩ 180 ይሆናል። ይህ ለ260 ዋቱ 69 በመቶ ጭነት ነው፤ ለ200 ዋቱ ግን 90 በመቶ ነው። በደከመ መስመር፣ በሣሣ አየርና በአቧራ ውስጥ የትኛው ዕድሜ እንደሚኖረው ግልጽ ነው። የእነዚህ ኩባንያዎች ፓወር ሳፕላይ በብዙ ሞዴሎች የራሱ ልዩ ቅርጽና መሰኪያ ስላለው፣ ሲቃጠል ከገበያ የተገኘ ማንኛውም ዓይነት አይተካውም። ስለዚህ ከተቻለ አንድ መጠባበቂያ አብሮ መግዛት ብልህነት ነው።

አዲስ አስገጣጥሞ ለመግዛት አቅም ላለው ደግሞ እንደ ራይዘን 5 5600ጂ ያለ ፕሮሰሰር አንድ መንገድ ነው። 6 ኮርና በውስጡ መጠነኛ የግራፊክስ ክፍል ስላለው፣ ካርድ ሳይገዙ ቀለል ያሉ ጨዋታዎችን ያጫውታል፤ ገንዘብ ሲገኝ ካርድ ይታከልበታል። መደበኛ መሰኪያ ያለው ፓወር ሳፕላይ ስለሚይዝ ጥገናውም ይቀላል።

መ. ስለ ጨዋታ

አባቶቻችን ከገበጣና ከሰንጠረዥ ጋር ኖረዋል፤ ጨዋታ ለሰው ባይተዋር አይደለም። በዛሬዎቹ ከተሞቻችንም የጨዋታ ቤት መተዳደሪያ ነው። ስለዚህ በንቀት ከማለፍ ይልቅ በስሌት እንየው።

ምርጫው ከሞኒተሩ መጀመር አለበት። የተለመደው ሞኒተር በሰኮንድ 60 ጊዜ ሥዕሉን ያድሳል። እያንዳንዱ ሥዕል 16.7 ሚሊ ሰኮንድ ይቆያል ማለት ነው። ካርዱ በሰኮንድ 120 ሥዕል ቢሠራ ግማሹ በሙሉ አይታይም፤ ሙቀቱና ኃይሉ ግን ይከፈልበታል። ለ60ው ሞኒተር የሚበቃ ካርድ ገዝቶ በጨዋታው ማስተካከያ ውስጥ በ60 መገደብ ገንዘብን፣ ኃይልንና የካርዱን ዕድሜ ያድናል።

በእኛ ከተሞች በብዛት የሚፈለገው የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ቀድሞ ፊፋ ይባል የነበረው ተከታታይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ኢ.ኤ. ስፖርትስ ኤፍ.ሲ. 24 ተብሎ ሲወጣ፣ አዘጋጁ በዝቅተኛ ልክነት የጠየቀው 8 ጊጋባይት ራም፣ ጂ.ቲ.ኤክስ. 1050 ቲ.አይ. ካርድና 100 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ነበር። ይህ ካርድም ሆነ ተከታዩ ጂ.ቲ.ኤክስ. 1650 ኃይላቸው 75 ዋት ስለሆነ፣ ተጨማሪ የኃይል መሰኪያ የሌላቸው ዓይነቶች ቀደም ብዬ ባልኩት በትልቁ ሣጥን ውስጥ ይሠራሉ። ከዚህ የሚበልጥ ካርድ መፈለግ ሌላ ፓወር ሳፕላይ፣ ሌላ ሣጥን፣ ሌላ ዩ.ፒ.ኤስ. መፈለግ ነው። የቆዩት የእግር ኳስ ጨዋታዎች ደግሞ ከዚህም ባነሰ አቅም ይሠራሉ።

100 ጊጋባይት የሚለውን ቁጥር አንርሳ። በሰኮንድ 10 ሜጋቢት በሚሰጥ መስመር ያንን ለማውረድ ያለማቋረጥ 22 ሰዓት ያስፈልጋል። ወጪው ከመሣሪያው ጋር መደመር አለበት።

አንድ የማውቀው የወጣቶች ማኅበር ያጋጠመው ይህን ሁሉ ያስረዳል። የገዙት ኮምፒዩተር ፊት ለፊቱ መስታወት፣ ፋኖቹም ባለ ብዙ ቀለም መብራት ነበሩ። ውስጡ ግን አሮጌ ፕሮሰሰር፣ አንድ ሃርድ ዲስክና ስም የሌለው ፓወር ሳፕላይ ነበረበት። ማታ ጨዋታ ሲጫን ይጠፋል፤ ቀን ሁለት ሥራ ሲደረብበት ይቆማል። ሁለት ወር ሳይሞላው ፓወር ሳፕላዩ ቦርዱን ይዞት ተቃጠለ። ወጣቶቹ ሥራ ወዳድና ታማኞች ነበሩ፤ የጎደላቸው ከመግዛታቸው በፊት የሚያማክራቸው ባለሙያ ነው። ብድሩን እስኪጨርሱ ድረስ አንዱ በቀን ሥራ፣ ሌላው በእርሻ ሲከፍሉ ቆይተዋል።

ሠ. ከመክፈል በፊት

ድስት ጥዶ ከማልቀስ መጥኖ መደቆስ ይሻላልና፣ ገዢ ገንዘቡን ሳይቆጥር የሚከተሉትን ይፈጽም። የፕሮሰሰሩንና የካርዱን ማንነት በሣጥኑ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ሳይሆን ሲፒዩ-ዚና ጂፒዩ-ዚ በሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ያረጋግጥ፤ አሮጌ ካርድ በሐሰት ስም ተጭኖበት የሚሸጥ አለና። የዲስኩን ጤንነትና ያገለገለበትን ሰዓት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ያሳየዋል። ከዚያም ከባድ ጨዋታ ወይም የመፈተኛ ፕሮግራም ለግማሽ ሰዓት አስነሥቶ ሙቀቱን ይመልከት። ጨዋታ እዚህ ላይ ጥሩ መርማሪ ነው፤ ፕሮሰሰሩን፣ ካርዱን፣ ራሙንና ፓወር ሳፕላዩን ባንድነት ያስጨንቃቸዋል። ሱቁ ይህን ፈተና ከከለከለ መልሱን ሰጥቷል። በመጨረሻም የዋስትናው ጊዜና ዕቃው ሲመለስ የመጓጓዣውን ወጪ ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይያዝ።

እኛስ ምን እናድርግ? ለመሥሪያ ቤቶች የምናዘጋጀው ዝርዝር መግለጫ «ኮር አይ7፣ 1 ቴራባይት» ብሎ የሚያቆም ከሆነ አሸናፊው አሮጌ መሣሪያ ቢያቀርብ የምንከራከርበት ቃል አይኖረንም። ትውልዱ፣ የዲስኩ ዓይነት፣ የራሙ ቁራጮች ብዛት፣ የፓወር ሳፕላዩ ዋትና የቮልቴጅ ክልል በስም ይጻፉ። ዩ.ፒ.ኤስ. የግዥው አካል እንጂ ተጨማሪ አይሁን። ለወጣቶቹ ደግሞ ከማኅበራችን አባላት አንድ ሰው አብሯቸው ሱቅ ቢገባ ወይም በስልክ ዝርዝሩን ቢመረምርላቸው የሚጠፋበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ የሚያድነው ግን የብዙ ወራት ድካም ነው።

ነቀምቴ ላይ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ በአካባቢያችን የተማረ ኃይል እያፈራ ነው። በየከተማው ጥገና የሚችሉ እጆች ሲበዙ እስካሁን የተናገርኩት ስሌት ይለወጣል፤ የርቀቱም ቅጣት ይቀንሳል። እስከዚያው ድረስ ግን በሲሬ የሚገዛ ኮምፒዩተር በሲሬ መስመር፣ በሲሬ አየርና በሲሬ ሰው አቅም ይለካ።